እዚህ ጋ በቀይ ይሰመር

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚባዙ ጽሑፎችን አርም ነበር። ለገበሬ ማኅበራት የወፍጮ አጠቃቀም መመሪያ ስናዘጋጅ፣ አለቃችን ረቂቁ ላይ «ሞተሩ ሲሠራ ከችንጋው አጠገብ ሰው አይቁም» ከሚለው ጎን በእርሳስ «እዚህ ጋ በቀይ ይሰመር» ብሎ ጻፈ። አዲሷ ታይፒስት አስቴር ማስታወሻውንም አብራ ተየበችው። እኔ ሳየው መመሪያው ተባዝቶ ሄዷል።

ያኔ እንዲህ ያለ ስህተት አሻጥር ሊባል ይችል ነበር። የታረመውን ገጽ ይዤ መመሪያው ቀድሞ ወደ ደረሳት ሞርሲቶ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ስገባ ሞተሩን ከወፍጮው ከሚያያይዘው ችንጋ ፈንጠር ብሎ ወለሉ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር ተቀብቷል። እህል ያመጡት ሴቶች ሁሉ ከመስመሩ ወዲህ ቆመዋል።

«እንደ መመሪያው ነው፣ ጓድ» አሉኝ የወፍጮው ኃላፊ አቶ ሄራሞ። «ችንጋው ነጠላ እየጎተተ ስንቴ አስደንግጦናል! አሁን ማንም አያልፍም።»

«መስመሩ እኮ... ወረቀቱ ላይ ነበር የሚሰመረው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ወረቀት ላይ ቢሰመር ችንጋው ያነባል?»

የታረመውን ገጽ ከኪሴ ሳላወጣ ተመለስኩ። አለቃችን ታሪኩን ሲሰማ ደስ አለው። «ሆመቾና ዳምቦያም ይድረሳቸው» ብሎ እዚያው አዲስ ትእዛዝ ጻፈ፤ «ከችንጋው ፊት ለፊት ቀይ መስመር ይሰመር» የሚል። ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ «ይህም በቀይ ይሰመር» ብሎ ጻፈበት።

አስቴር ወረቀቱን ይዛ እኔ ጋ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄኛው የወረቀት ነው የወለል?»