ሞት የተከለከለው ውሻ

በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ እንስሳቱን በመጠበቅ ያረጀች ሴት ነበረች። ማለዳ ገብታ ወለሉን ካጠበች በኋላ የሽቦ ቤቶቹን በሮች በቁልፏ አንድ በአንድ ትመታለች። እንስሳው ከተንቀሳቀሰ «አለ»፣ ካልተንቀሳቀሰ «የለም» ትላለች። ከዚህ ያለፈ ቃል ከእርሷ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ባልደረቦቿ «እትዬ ኳኳ» የሚል ቅጽል አውጥተውላት ነበርና፣ በትክክለኛው ስሟ ሲጠሯት ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰላት ዝም ትላለች።

ከእንስሳቱ መካከል አንድ ያረጀ ውሻ ነበር። የተቋሙ ዶክተር ያገኘውን ሞት የሚከለክል መድኃኒት ከተወጋ ወዲህ እኩዮቹ ሁሉ ሲያልቁ እርሱ ብቻውን ቀረ። ሆኖም አይበላም፤ አይተኛም። በሩ ሲመታ አንገቱን ቀና ያደርግና መልሶ ይጥለዋል። «አለ» ትላለች፤ ዶክተሩም ይፈነድቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን አስቀድሞ ይወጋል፤ ማሰቡን ለኋላ ያቆየዋል።

በዚያው ሰሞን እናቷ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሐኪሞችም ተስፋ ቆረጡባቸው። የተቋሙ ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሟ ሳያማክራት እናታቸውን እንዲወጋለት ዶክተሩን ለመነ።

«እትዬ፣ ነገ ቤትዎ እመጣለሁ» አላት ዶክተሩ። «መርፌውን በመውሰድ እናትዎ የመጀመሪያዋ ሰው ይሆናሉ።»

«ውሻው ግን ዶክተር...»

«አለ ብለውኛል እኮ! ዛሬም ጠዋት ብለውኛል።»

በእርግጥም ብላለች።

እግሯን እየጎተተች ቤቷ ገባች። ወንድሟ ከእናታቸው አልጋ ራስጌ ተቀምጧል።

«እማዬ፣ እንዳትሞቺ የሚያደርግ መርፌ ተገኝቷል» አለች።

«ታዲያ ምነው መርዶ አስመሰልሽው?»

«ውሻ ላይ አይቼዋለሁ። አልሞተም፤ ግን አልዳነም። ደክሞታል፣ እማዬ። የሚያርፍበትን ነገር ነው የወሰዱበት።»

ወንድሟ ብድግ አለ። «ከውሻ ጋር ስትውል እናቷን ከውሻ ጋር ታስተያያለች!»

እናቲቱ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። «ተው አንተ፤ ይህን ገላዬን ቢያይ የሚቀየመው ውሻው ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሕመሙን የቻልኩት እንደሚያልቅ ስለማውቅ ነው። ማለቁን አትውሰዱብኝ።»

በማግስቱ ዶክተሩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

«እናቴ አልፈልግም ብላለች። እኔም መንቀሳቀሱን ብቻ ነው የነገርኩዎት፣ ዶክተር። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሻው አልጠየቁኝም፤ እኔም ዝም አልኩ።»

ዶክተሩ ለአፍታ ቦርሳውን አየ። ፊቱ ላይ ኀዘን የመሰለ ነገር ታየ፤ ነገር ግን ወዲያው ሰዓቱን ተመለከተ።

«ይሁን። ሌላ ፈቃደኛ አይጠፋም» ብሎ ሄደ።

እውነቱን ነበር፤ አይጠፋም። ይህን እያሰበች ወደ ውስጥ ገባች።

«ገደልሻት!» አለ ወንድሟ።

የእናቷ አንሶላ ርሶ ነበር። ንጹሑን ዘረጋች፤ እናቷን ለማንሣት ሞከረች፤ አልቻለችም።

«በእግሯ በኩል ያዝልኝ።»

ጀርባውን ሰጥቷት ቆየ። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ መጣና ያዘ። አነሷቸው።

«ቀስ!» አሉ እናቲቱ። «ጆንያ መሰልኳችሁ እንዴ?»