የኑርዬ ድርሻ

እህል ነጋዴውን ኑርዬን ሐይቅ ከተማ ውስጥ «ባለባንኩ» የማይለው የለም። ስሙን ማን አወጣለት ብትሉኝ፣ ራሱ ነው።

ድሮ ወለድ ፈርቶ የባንክ ደጃፍ አይረግጥም ነበር። ለውጡ መጥቶ ወለድ አልባ ባንክ ሲቋቋም ግን «ሐላል ነው» አለና የሚስቱን በሬ ሸጦ አክሲዮን ገዛ። ከዚያ ወዲያ ውጫሌ ገበያ ሲወርድ እንኳ መጀመሪያ የባንኩን የሐይቅ ቅርንጫፍ ሳይጎበኝ አይሄድም። ለተሰለፈው ሰው «ቤታችሁ ነው፣ ተጫወቱ» ይላል። ጥበቃውን «ቀጥ ብለህ ቁም» ብሎ ይቆጣል። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ልጅ ነውና ከመቀመጫው ተነስቶ ይቀበለዋል፤ ይኼ ደግሞ ጭራሽ አባሰበት።

ሚስቱ ራህማ በሬዋን አልረሳችም። የባንኩ የብረት በር በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ይላል።

«ያንተ ድርሻ ብትፈለግ ያቺ የምትጮኸው የበሩ ማጠፊያ ናት» ትለዋለች። «በሬዬን የዋጠች ማጠፊያ! ሂድና ዘይት ቀባት።»

ኑርዬ ይስቃል፤ ግን ነገሩ ይከነክነዋል። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ጦርነቱ ሲደርስ የባንኩ ሠራተኞች ዘግተው ሸሹ፤ ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የኑርዬ ወሬ እነሱም ጆሮ ገባ። አንድ ጠዋት ሦስት ሆነው ደጁ ቆሙ።

«የባንኩ ባለቤት አንተ ነህ አሉ። ቁልፉን አምጣ!»

ኑርዬ አይደለሁም እንዳይል አገር ምስክር ነው፤ ነኝ እንዳይል ቁልፍ የለውም። አንደኛው መሣሪያውን አቀባበለ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ሸሃዳውን በሱ ፈንታ ጀመርኩለት።

ይኼኔ ራህማ እየሳቀች ወጣች።

«ባለቤት? ይኼ? ወላሂ ጉድ ነው! ጫማውን እዩት እስቲ፤ ባለባንክ ጫማውን በሽቦ ይጠግናል? በሬዬን ሸጦ የገዛው የበሩን ማጠፊያ ነው። ነቅላችሁ ውሰዱልኝ፣ እኔም ልገላገል!»

ታጣቂዎቹ ጫማውን አዩ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። «ባለ ማጠፊያው» እያሉት ሄዱ። ራህማ ከዓይን እስኪርቁ ሳቀችና ዘጭ ብላ መሬት ተቀመጠች።

ኑርዬ እስከ መግሪብ አላነጋገራትም። ነፍሱን ያተረፈችለት እሷ መሆኗን አጥቶት አይደለም፤ ግን እንደሱ ላለ ሰው ተዋርዶ መዳን ከባድ ነው። አንጀቴን በላው።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን ሲለቁ አብረን ወደ ባንኩ ሄድን። ጠረጴዛ የለ፣ ወንበር የለ፣ መስታወት የለ። የብረት በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ከግድግዳው ጋር የቀረችው አንዲት ማጠፊያ ብቻ ናት። ኑርዬ ቀረብ ብሎ በጣቱ ገፋ አደረጋት፤ ሲጢጥ አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ «የኔ ድርሻ ተርፏል።»

ቤት ገብቶ ሲነግራት ራህማ በሳቅ ትሞታለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ ከዝርፊያው የደበቀቻትን የመጨረሻዋን ዘይት ከነጠርሙሷ አመጣችለት።

«ሂድ፣ ቀባት» አለችው።