የጥያቄ ሳጥኑን ቡሬ የረሳሁ ዕለት

ፍኖተ ሰላም አሥረኛ ክፍል ስማር የትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ክበቡ ቁልፍ ያለው ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነበረው። ተማሪው በአፉ መጠየቅ የሚያፍረውን ስሙን ሳይጠቅስ ጽፎ ይከትበታል፤ ነርስ በስብሰባ ላይ ትመልሳለች።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ደብተር እጥላለሁ፤ ሰው እያወራኝ ሐሳቤ ይሄዳል። በኋላ ሐኪም ትኩረት የማጣት ችግር ነው ብሎኛል። ያን ጊዜ ግን የሚሉኝ ቀዥቃዣ ነበር።

ለልምድ ልውውጥ ቡሬ ስንሄድ የክበቡ ሊቀመንበር፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ኃላፊነት ሲሰማት ትሰበሰባለች ብሎ ሳጥኑን አስያዘኝ። ቁልፉ እሱ ጋ ነው።

ቡሬ መናኸሪያ ወርደን ሻይ ጠጣን። ፊት ለፊት በርበሬ እየጫኑ ነበር። አንዱ ጆንያ ተተርትሮ በርበሬው ሲፈስ፣ ጫኞቹም ሲያስነጥሱ ለማየት ሄድኩ። ከዚያ ጓደኞቼ ጠሩኝና ተከተልኳቸው።

የቡሬው ትምህርት ቤት አዳራሽ ገብተን ነርሷ ከተቀመጠች በኋላ ሊቀመንበሩ «ሳጥኑን አምጪ» አለኝ። እጄ ባዶ ነበር።

ሳላስፈቅድ ወጥቼ ሮጥኩ። ወረቀቶቹ ላይ ስም ባይኖርም የልጆቹ እጅ ጽሑፍ ይለያል፤ መናኸሪያ ላይ ደግሞ የፍኖተ ሰላም ሰው አይጠፋም። አንዷ ጓደኛዬ እንባዋን እየጠረገች ጥያቄዋን ስትከት አይቻለሁ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳጥኑን ከባንኮኒው ሥር አወጡት፤ ግን አልለቀቁልኝም።

«ምንድነው ያለበት?»

«ጥያቄ ነው እትዬ። ስለ በሽታው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም።»

በሩን ገርበብ አደረጉት። «እኔ መጻፍ አልችልም። ትጽፊልኛለሽ?»

ባለቤታቸው ሹፌር ናቸው፤ ሰሞኑን ከስተው መጥተዋል። እርሳቸው ደግሞ አራት ወር እርጉዝ ናቸው።

«ሹፌር የሚለውን ተይው፤ ይታወቅብኛል» አሉኝ።

ከኪሴ ብጣሽ ወረቀት አውጥቼ «እርጉዝ ነኝ። በሽታው ቢኖርብኝ ልጄን ማትረፍ ይቻላል?» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ውጭ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ እንኳ ዞር አላልኩም። ወረቀቷን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ።

ነርሷ ያቺን ወረቀት አነበበች። «የጻፈችው ሳትዘገይ ትመርመር። ቫይረሱ ቢገኝባት እንኳ ልጁን የሚከላከል መድኃኒት አለ» አለች። ሴቶቹ ተያየን። ሊቀመንበሩ ወረቀቷን ተቀብሎ አያትና ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ከሰልፉ ወጥቼ መልሱን ለሴትዮዋ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እጄን ጨበጡኝ።

ሰኞ ግምገማ ተቀመጥን። ያኔ መሥሪያ ቤቱም ክበቡም ይገማገማል። ሊቀመንበሩ ሳጥን መርሳቴን፣ ሁለቴ ያለ ፈቃድ መውጣቴን ዘርዝሮ ብጣሿን አነሳ።

«ጽሑፉ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ጥያቄውስ?»

ሃያ ሰው ያየኛል። አይደለም ካልኩ የማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። እግሬ ከወንበሩ ሥር አላርፍ አለ።

«በዚህ ላይ የምለው የለኝም» አልኩ።

እጅ ወጥቶ በድምፅ ብልጫ ከክበቡ ተሰናበትኩ። ወሬው እናቴ ዘንድ ደረሰ። አልጠየቀችኝም፤ ግን ለወራት ሆዴን በዓይኗ ስትለካ ከረመች። እኔም አልነገርኳትም።

በዓመቱ በቡሬ ሳልፍ ሻይ ቤቱ ገባሁ። ሴትዮዋ ሕፃን አዝለዋል። አወቁኝ። ስለ ምርመራው አላነሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ሻይ ቀዱልኝና እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ።