የጋሽ ስፔክ ሕንፃ

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ እግሬ ሳላዘው ፍሬን ላይ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ዕቃ ላደርስ ከአትላንታ ወደ ደቡብ ወርጄ፣ ከሰባ አምስት ሀይዌይ እንደወጣሁ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሽታው ገባ፤ ቀዝቃዛ፣ የጉድጓድ ውሃ የመሰለ፣ ከሥሩ አዲስ የተቆረጠ ጥድ ሙጫ ያለበት። ዞር ብዬ ሳይ የማውቀው ጫካ የለም። ቀይ አፈር ተዘርግቷል፤ መሀሉ ላይ ግድግዳ ተኝቷል። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጡሩምባ ባይነፋብኝ እዚያው ቆሜ እቀር ነበር።

አዎ፣ ተኝቷል ነው ያልኩህ። አንተ ሚድታውን በመስታወት ቢሮ ተቀምጠህ ሕንፃ የምታከራይ ልጅ ነህ፤ በስዕል ታውቀው ይሆናል እንጂ ተኝቶ አላየኸውም። እዚህ አገር መጋዘን ሲሠራ ግድግዳውን እየደረደሩ ወደ ላይ አይወጡም። መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ አንጥፈው ያፈሱታል፤ ሲደርቅ በክሬን ጎትተው ያቆሙታል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ወለል መስሎኝ፣ "ወለል ላይ በር ምን ይሠራል?" ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ። አባትህ ግን ወለሉንም ግድግዳውንም አላየም። እሱ የሚያየው እግር ነበር።

ያኔ አንተ ኪንደርጋርተን ነበርክ፣ አታስታውሰውም። አባትህ የእናቴ ታናሽ ወንድም ስለሆነ መጥቼ ያረፍኩት እናንተ ቤት ነው። ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ፣ በሐበሻ ምግብ ቤቶች መሀል የተሰካች ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የሥራ ጫማ፣ ጓንት፣ ካልሲ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ። ምሳ ሊበላ የመጣ ሰው አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ ገዝቶ ይሄዳል ብሎ የሚያምን ሱቅ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ዕቃውን ቫን ላይ ጭነን ግንባታ ወዳለበት እንሄዳለን። እኔ እነዳለሁ፣ አስተረጉማለሁም። የእሱ እንግሊዝኛ ከዋጋ አያልፍም ነበር። የእኔ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ግን መንገድ ይስታል።

ከተማዋን የሚያነባት በጫማ ነበር። መሐል ከተማ ክሬኑ ሲበዛ ከፍታ ላይ የሚሠሩት የሚወዱትን ቀለል ያለ ጫማ ያመጣል። ከዚያ ክሬኖቹ እየሳሱ ሄዱና ደቡብ ላይ ጭቃ የሚችል ባለ ረጅም ቁርጭምጭሚት ጫማ ተፈለገ። "ከተማዋ መቆም ሰልችቷታል" አለኝ አንድ ጠዋት፣ ቫኑ ውስጥ። "ልትጋደም ነው።" እውነቱን ነበር። ጫካው ይመነጠራል፣ ቀዩ አፈር ይደለደላል፣ መጋዘን ይጋደምበታል። ከእነዚያ ሁሉ የሚበልጠው፣ የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው፣ አንዱ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ቢያነጥስ ሌላው ጫፍ ላይ "ይማርህ" የሚለው አያገኝም ነበር።

ከሱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ድሮ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ይሸጥባት የነበረች ባዶ ሱቅ አለች። የሚከራይ የሚል ወረቀት መስኮቷ ላይ ተለጥፏል። አባትህ ያቺን ሱቅ አይቶ ሕንፃውን ያያል፣ ሕንፃውን አይቶ ሱቋን ያያል። የብራያርክሊፏ ሱቅ የኪራይ ውል ሊያልቅ ነበር፤ ባለቤቱ ታድሳለህ ወይስ ትለቃለህ እያለው ነው።

"የማን እንደሆነ ጠይቅልኝ" አለኝ። "የማን እንደሆነ ካወቅን ምን እንደሚገባበት እናውቃለን። ምን እንደሚገባበት ካወቅን ስንት እግር እንደሚመጣ እናውቃለን።"

ፎርማኑ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ቅርፊቱን እንትፍ የሚል ግዙፍ ሰው ነበር። ሕንፃው የማን ነው አልኩት። "ስፔክ" አለኝ፤ እንትፍ አለና ሄደ።

"የስፔክ ነው" አልኩት አባትህን።

"ማነው እሱ?"

"ባለቤቱ ነዋ።"

እንግዲህ ተመልከት። እኛ አገር ቤት የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሰው ስም ነው የሚመለሰው። በማግስቱ ሌላ ቦታ ሄድን፤ ያኛውስ የማን ነው ብል ስፔክ። ከሱ ወዲያ ያለውስ? ስፔክ። የደቡብ አትላንታ መጋዘን በሙሉ ማለት ይቻላል የአንድ ሰው ሆነ። አባትህ መጀመሪያ ተደነቀ፣ ቀጥሎ ተጨነቀ፣ በመጨረሻ አከበረው። "ሚስተር" ሲያንስበት ጊዜ ጋሽ ስፔክ አለው። እኔ በሐሳቤ ሥዬው ነበር፤ ነጭ ጸጉር፣ ሰፊ ቆብ፣ በሩ የማይቆለፍ አሮጌ ፒክአፕ።

እናትህ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል በሽተኛ እያገላበጠች ውላ ትመጣና እራት ላይ ስለ ጋሽ ስፔክ ትሰማለች።

"ሚስት አለው?" አለችው አንድ ቀን።

"ምነው?"

"ካለችው ስልኳን አምጣልኝ። የምንነጋገረው አለ።"

ቀልዷ ነው፤ ግን እየቀለደች አልነበረም። ብራያርክሊፍ ጠባብ ብትሆንም ሰው ይገባባታል፤ እናንተም የምትኖሩት በሷ ነበር። "ሰው ባለበት ሽጥ" ትለው ነበር። "ሰው ይመጣበታል የተባለ ቦታማ መንግሥተ ሰማያትም አለ።" በሱ በኩል ደግሞ ጭንቁ ሌላ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድሞ ቦታ የያዘ ሰው መሆን ይፈልግ ነበር። ሁልጊዜ ሌላው ከሞላው በኋላ በቀረችው ቀዳዳ እየገባ ነው የኖረው።

በመጨረሻ ባለቤቱን ራሱን አነጋግሬ እወስናለሁ አለ። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለበሰ። ባዶ እጅ አይኬድምና ከሱቁ ምርጡን የቆዳ ጫማ በካርቶን ያዘ።

"ቁጥሩን በምን አወቅከው፣ ጋሼ?" አልኩት።

"ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ አድርግ።"

ፎርማኑ ትሬይለር ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሚስተር ስፔክን ልናነጋግር መጣን አልኩት። ሰውዬው የአባትህን ከረባት አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቀም። ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገና እንደ ሕመም ዜና ቀስ አድርጎ ነገረኝ። ስፔክ ሰው አይደለም። ተከራይ ሳይኖር፣ ይገኝ ይሆናል ተብሎ በግምት የሚሠራ ሕንፃ ስሙ ነው።

አስተርጓሚ ነኝና ዞርኩ። ምን ብዬ ላስተርጉም?

"ማንም የለም ይላል።"

"ወዴት ሄዶ?"

"የሄደ የለም፣ ጋሼ። መጀመሪያም የለም። ማንም ሳይጠይቅ ነው የሚሠሩት።"

"ለማን?"

"ለሚመጣ ሰው።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

ፎርማኑን ጠየቅኩት። ትከሻውን ሰበቀ። የሆነ ሰው አይጠፋም አለ።

ያን ሰዓት ክሬኑ አንዱን ግድግዳ ከመሬት ማላቀቅ ጀመረ። ጥላው በጭቃው ላይ እየተሳበ መጥቶ እኛ ላይ ወጣ፣ ቀዘቀዘን፣ አለፈ። አባትህ አንገቱን አቅንቶ ሲያይ አፉ ተከፍቶ ነበር። ያመጣውን መልሶ መውሰድ ነውር ስለሆነበት ካርቶኑን ለፎርማኑ ሰጠው። ፎርማኑ ጫማውን እዚያው አጠለቀውና ወዲያ ወዲህ አለበት። ሰፋው። ግን አላወለቀውም።

በመመለሻችን ሀይዌዩ ጋ ስንደርስ ከረባቱን ፈታ።

"ድንኳኑ ተተክሏል" አለ በኋላ።

"ተተክሏል።"

"ከብቱ ታርዷል። ሙሽራው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም።"

"እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"እንግዲህ ወይ አብደዋል፣ ወይ እኛ የማናውቀውን ያውቃሉ።" ትንሽ አሰበ። "እብድ ደግሞ ይህን ያህል ሲሚንቶ አይሰጡትም።"

በዚች ሒሳብ ነው ብራያርክሊፍን ለቅቆ የደቡቧን ሱቅ የተከራየው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሒሳብ አይቻለሁ። የዚህችን ስህተቷ የቱ ጋ እንደሆነ ግን እስከዛሬ አላገኘሁትም። እናትህ አልጮኸችም። "በባዶ ሕንፃ ፊት ባዶ ሱቅ" ብቻ አለችና፣ አንድ ቀንም እግሯ እንደማይረግጣት ምላ አልጋዋ ላይ ወጣች።

ከዚያ የሆነው ነገር ቀላል ነው። ሕንፃው አለቀ። ሲያልቅ ጫማ የሚገዙን ሠራተኞች ሌላ ሕንፃ ሊጀምሩ ሄዱ። ይህን አላሰብነውም ነበር፤ ደንበኞቻችን የሚመጡት ሳይሆኑ የሚሄዱት ነበሩ። ሕንፃው ነጭ ሆኖ፣ የጭነት በሮቹ ሁሉ እንደተዘጉ፣ ሣሩ በሥርዓት እየታጨደ ተቀመጠ። ማን እንደሚያጭደው አላየንም። አባትህ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ከፊቱ ይቀመጣል። ፎርማኑ እንዳለውም ተከራይ መጣ። የመጣው ግን በአብዛኛው ማሽን ነው። መኪና ማቆሚያው ለሰርግ የተሰናዳ ያህል ሰፊ ነበር፤ የሚቆሙት መኪኖች ግን ምግቡ ካለቀ በኋላ የቀሩትን ያህል ናቸው። ማሽን ጫማ አያደርግም።

አንተ አሁን ለዚህ ሁሉ ቃል አለህ። ሚድታውን ቢሮዎቹ ለምን ባዶ እንደሆኑ፣ ባዶ ሆነውም ለምን እንደማይረክሱ፣ እሁድ ምሳ ላይ ስታስረዳኝ እየገባኝ ይመስለኛል፤ መኪናዬ ጋ ስደርስ ይጠፋኛል። አሁን ደግሞ ዳታ ሴንተር የሚሉትን የኮምፒውተር መጋዘን ይሠራሉ። መስኮት የለው፣ ደጁ ላይ ሰው የለው፣ ሲያጉረመርም ውሎ ያድራል። የማን ነው ብዬ መጠየቅ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ሱቋ የተዘጋችው ክረምት ሳይገባ ነው። አባትህ ነፍሱን ይማረውና በኋላ ሌላ ሥራ ያዘ፤ እሱን ታውቃለህ። ልነግርህ የፈለግኩት ግን ከመዘጋቷ በፊት ስለነበረ አንድ ቅዳሜ ነው።

እናትህ መጣች። ከአዳር ሥራዋ ቀጥታ፣ በሆስፒታል ልብሷ፣ ሳትደውል። ከሰዓት በፊት ነበር፤ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ እስከ ባንኮኒው ድረስ ወለሉን ይዛለች፤ የአዲስ ጎማና የቆዳ ሽታ ሞቆ ወጥቷል። ቆማ መደርደሪያውን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ሕንፃውን አየች። አባትህ መሐላዋን አላነሣባትም። ወንበሩን ብቻ ከደጅ አስገባላት።

"ደንበኛ ሲመጣ ቀስቅሰኝ" አለችው። "እኔም በዓይኔ ልየው።"

ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ካርቶን ላይ ሰቀለች፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

አባትህ ሬዲዮውን አጠፋ። ማራገቢያውን ወደሷ አዞረ። እኔ ጓንት እየደረደርኩ ነበር። በሩ ሲከፈት ቀና ብል አንድ ሹፌር ነው፤ ከባድ መኪናውን ማዶ ፓርክ አድርጎ የመጣ፣ በሩን የሚሞላ ሰው። አፉን ሳይከፍት አባትህ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ያለችውን አየ። ቆቡን አወለቀ። ያ ሁሉ ቁመት በእግሩ ጣቶች እየተራመደ መጣና ጓንት በሹክሹክታ ጠየቀ። አባትህ በሹክሹክታ ዋጋ ነገረው። ወጥቶ ሄደ ስንል ሌሎች ሁለት ይዞ ተመለሰ፤ ቀድሞ ነግሯቸዋል መሰለኝ እነሱም በጣታቸው ነው የገቡት። ካልሲ፣ ሰደርያ፣ አንዱ ጫማ ለካ። ሲለካ እንኳ አንድ እግሩን ሌላው ላይ እያሳረፈ፣ ወለሉ እንዳይንቋቋ። ሱቋ ከተከፈተች ጀምሮ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሸጠን አናውቅም።

"ልቀስቅሳት?" አልኩት በጆሮው።

ራሱን ነቀነቀ። ስንት ወር ያንን ሰዓት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ደጋግሜ አየሁት። አሁንም እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሹፌሮቹ ከሄዱ ከቆዩ በኋላ ነው የነቃችው። ፀሐይዋ ከባንኮኒው ወርዳለች። ጸጉሯን በእጇ እየያዘች፣ "ሰው መጣ?" አለችው።

"ማን ይመጣል ብለሽ ነው" አላት።

ቀና ብላ አየችው። አሁን ትናገረዋለች ብዬ ዓይኔን ጓንቱ ላይ ተከልኩ። ተነሥታ ግን የኮሌታውን ጠርዝ አቃናችለት። "ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ" አለችው። "ብቻህን አትቀመጥ።"

ይህን እስከዛሬ አታውቅም፤ አንተም እንዳትነግራት። ጫማዋን አጥልቃ መደርደሪያውን በጨርቅ ትወለውል ጀመር፣ ከላይ ወደ ታች። አባትህ አንድ መደርደሪያ ቀድሟት ይሄድ ነበር፤ የተሸጠው ያጎደለውን ክፍተት፣ ሳታየው፣ ከኋላ ያለውን ዕቃ ወደፊት እየሳበ ይሞላው ነበር።