መሳለሚያ ላይ የቆምንባቸው ስምንት ቀናት

በጃንሆይ ጊዜ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና እነዳ ነበር። መኪናው የአንድ የጅማ ነጋዴ ነው። አንድ ሰኔ ላይ ቡና ጭኜ ከጅማ ስነሳ እናቴን ጋቢና አስቀመጥኳት። ደሴ ያለችው ታላቅ እህቷ በጠና ታማ፣ «ሳልሞት ዓይንሽን ልየው» ብላ ልካባት ነበር። እኔ መርካቶ ቡናውን አራግፌ ለደሴ ቆርቆሮ ስለምጭን አብረን እንድንሄድ ተስማማን።

ቆርቆሮውን ጭነን መሳለሚያ ስንደርስ ካምቢዮው ድንጋይ የሚፈጭ ይመስል ጮኸና መኪናው ቀጥ አለ። ከነተሳቢው መንገዱን ዘጋሁት። ባለጋሪው፣ አህያ ነጂው፣ ባለታክሲው እየተቀባበሉ ሰደቡኝ። በመጨረሻ ሌላ የጭነት መኪና ጎትቶ አንድ ጋራዥ ደጃፍ አቆመን።

መካኒኩ ሙያውን ከጣሊያኖች የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከመኪናው ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «አንዱ ጥርስ ተበልቷል። ቶርኖ ቤት አስቀርጸን ነገ ከሰዓት እንገጥመዋለን» አሉኝ።

«የነገው ነገር እርግጥ ነው፣ ጋሼ? እናቴ በሽተኛ ልትጠይቅ ነው የምትሄደው።»

«ነገ አልኩህ እኮ!»

እናቴ ሰምታ ኖሮ፣ «እኔ በአውቶቡስ ልሂድ ይሆን?» አለች። አውቶቡስ ያጥወለውላታል፤ ብቻዋን ረጅም መንገድ ሄዳም አታውቅም። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቆርቆሮ መርካቶ አፍ ላይ ጥዬ ልሸኛት አልችልም።

«ነገ ከተነሳን ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት።

«እሺ» አለች። እኔ ያልኳትን ሁሉ እሺ ትል ነበር።

በማግስቱ ጥርሱ ተቀርጾ መጣ፤ አልገጠመም። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲወርድ ውሎ ቶርኖ ቤቱ መብራት ጠፋበት። በአራተኛው እሑድ ሆነ። ሽማግሌው በየምሽቱ ከልባቸው እያዘኑ፣ «ነገማ ያልቃል» ይሉኛል። ሰውዬው ሊያታልሉኝ አልፈለጉም፤ ራሳቸውም ያምኑት ነበር። ለእኔ የባሰው እሱ ነው። ቢዋሹኝ ኖሮ እነቃ ነበር።

እናቴ ከጋራዡ ጎን ሻይ ቤት ያላት አንዲት የጉራጌ ሴት ጓዳ ታድራለች። ቀን ቀን ጋቢና ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጥና፣ የተክለ ሃይማኖት ደወል ሲሰማ ወደዚያ ዞራ ታማትባለች። ሽማግሌው ባለፉ ቁጥር አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «ጥርሱ መጣ?» ትላቸዋለች። አንድ መንገደኛ ስለ ራሷ ጥርስ የምትጠይቅ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በአምስተኛው ቀን፣ «ልጄ፣ ዛሬ እንኳ በአውቶቡስ ብሄድ ምናለ?» አለችኝ።

«ይህን ሁሉ ቀን ጠብቀሽ? ነገ እኮ ያልቃል!» ብዬ ቆጣ አልኩባት። ወደ ጋቢናዋ ተመለሰች። ያን ቀን ተነስታ ቢሆን ኖሮ ትደርስ ነበር።

በሰባተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከደሴ የመጣ የማውቀው ሾፌር መኪናዬን አይቶ ቆመ። ክንዴን ይዞ ከተሳቢው ጀርባ ወሰደኝ።

«አክስትህ አርፈዋል። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «በር በተከፈተ ቁጥር እህቴ መጣች ወይ እያሉ ነበር» አለ።

ወደ ጋቢናው ልሄድ ዞርኩ። እሱ ግን ትከሻዬን ይዞ፣ «እዚህ ጎዳና ላይ እንዳትነግራት። መርዶ ዘመድ ባለበት፣ በጠዋት ነው። ደሴ አድርሳት፤ እነሱ ይንገሯት» አለኝ።

ወደ ጋቢናው ስመለስ እናቴ ፊቴን አየችው። «ምን አለህ ያ ሰው?»

«መንገዱ ጭቃ ነው አለኝ።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አጠገቧ ቢያልፉም ስለ ጥርሱ አልጠየቀቻቸውም።

በስምንተኛው ቀን ካምቢዮው ተገጠመ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው፣ «ይኸው! በሽተኛዋን እግዜር ይማርልዎ፣ እትዬ» አሏት። እናቴ ጎንበስ ብላ አመሰገነቻቸው። እኔ መሪውን ጨብጬ፣ ከከተማው እስክንወጣ እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። ደብረ ብርሃንን ከማለፋችን በፊት፣ ቸኩዬ ስነዳ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

«ቀስ በል ልጄ። ከእንግዲህ የሚያስቸኩል የለም።»

ፍጥነቴን ቀነስኩ። ደሴ በማግስቱ ስንገባ ዘመዶቿ ገና ሳይነግሯት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከጋቢናው ወረደች።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች። «አንተ ነህ ያስቀረኸኝ» ብላኝ አታውቅም። እንድትለኝ ስጠብቅ ነው ዕድሜዋ ያለቀው።