የተሰማ ዋስ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሥራ አገኘሁ ብላ እየፈነደቀች መጣች። ገና እንኳን ደስ ያለሽ ብያት ሳልጨርስ ከቦርሳዋ ቅጽ አውጥታ፣ "ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ" አለችኝ። ቆሽቴ አረረ። በዚህ ዕድሜዬም ከዋስ ወረቀት አልገላገልም? ብዕር ፍለጋ ስነሣ ግን አሰብ ትዝ አለኝ፤ ተሰማ ትዝ አለኝ።

ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችባቸው ዓመታት ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በአስተማሪነት አሰብ ተመደብኩ። ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ወህኒ ቤት እየሄድኩ ለእስረኞች ፊደል አስቆጥራለሁ። ለእኔ ሐምሌ ማለት ጭቃና ጉም ነበር። የአሰብ ሐምሌ ግን የምናስተምርበትን የቆርቆሮ ዳስ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ያግለዋል፤ ጠመኔው በላቤ እየራሰ ጣቴ ላይ ይጣበቃል።

ከተማሪዎቼ ሁሉ የሚበልጠው ተሰማ ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ የወደብ ጫኝና አውራጅ ሳለ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ሁለት ጆንያ ስኳር ሰርቆ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። እዚያው ማንበብና አናጢነት ተማረ። በየወሩ ስለ ተማሪዎቼ ጠባይ ለወህኒው አዛዥ እጽፍ ስለነበር፣ ስለ እሱ "ፍጹም የታረመ፣ እምነት የሚጣልበት ሰው" ብዬ ፈረምኩ። ባማረው አጻጻፌም ኮራሁ።

የፍርዱ ዘመን ሲያልቅ አንድ ሾፌር እሑድ ወደ ደሴ ሊወስደው ቃል ገባለት። ደሴ ሚስቱና፣ ሲታሰር ጡት ያልጣለች ልጁ ይጠብቁታል። ነገር ግን "የጠባይ ዋስ ሳይጠራ አይወጣም" ተባለ። ዋሱ ቋሚ ሥራ ያለው መሆን አለበት፤ ተሰማ ቢያጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ፍለጋውን እኔ ያዝኩለት። እንግዲህ ሁሉም ከሌላ አገር በመጣበት ከተማ ዋስ ፈልጉ! የድሮ የሥራ ባልደረባው በደስታ እፈርማለሁ ቢል፣ ቋሚ ሥራ የለህም ብለው መለሱት። የጉምሩኩ ጸሐፊ "ነገ ቢያዛውሩኝስ?" አለኝ። ባለሻይ ቤቱ "ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ብሎ ብርጭቆዬን ከፊቴ አነሣ፤ ሻዬን ገና አልጨረስኩም ነበር። በዚያ ሐሩር ሦስት ቀን ተንከራተትኩ። የዚህ ከተማ ሰው ልብ የለውም እያልኩ ያገሩን ሰው ሁሉ ረገምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ለተሰማ ነገርኩት። አቀርቅሮ ሰማኝና፣ "መምህር፣ እርስዎስ?" አለኝ።

"እኔማ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ነገ ቢያዛውሩኝስ?"

"እምነት የሚጣልበት ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

የአዛዡን ጠረጴዛ ሊጠግን ገብቶ አንብቦት ኖሯል፤ ያውም እኔው ባስቆጠርኩት ፊደል። አፈርኩ። ግን አልፈረምኩም፤ ተማሪ ቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ አዛዡ ፊት ሐጂ ኑሩ ተቀምጠዋል። የስኳሩ ባለቤት ናቸው። ወሬው ከሻይ ቤት ደርሷቸው እንዳይፈታ ሊከራከሩ የመጡ መሰለኝ። አዛዡ ግራ እንደገባው፣ "ዋስ ልሁን እያሉ ነው" አለኝ።

"ሐጂ፣ የሰረቀዎት እኮ እሱ ነው!" አልኩ ሳላስበው።

"ታዲያ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል?" አሉኝ። "ጥፋቱን አይቻለሁ፤ ቅጣቱን መጨረሱንም አይቻለሁ። እናንተ ገና ይሆናል ብላችሁ የምትፈሩት እኔ ላይ ደርሶ አልፏል። በል ልጄ፣ ወረቀቱን አቀብለኝ።"

አቀበልኳቸው። እሑድ ጠዋት ተሰማ ከመኪናው ጭነት ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበልኝ። ቂም አልያዘብኝም፤ ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

"ጋሼ፣ ብዕር ጠፋ እንዴ?" አለችኝ የእህቴ ልጅ።

ቅጹ አራት ገጽ ነው፤ ሦስቱ ምን እንደሚሠሩ ዛሬም አልገባኝም። እያጉረመረምኩ ፈረምኩላት። አሰብን ከዳር እስከ ዳር ስረግም በሰነበትኩበት በዚያ ሳምንት፣ ብዕሬ ከደረት ኪሴ አልወጣም ነበር።