ሲቀነስ የእናት ክብደት

ትናንት ለልጄ የትኩሳት ሽሮፕ ስከፍት የእንጆሪ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንቺ ያኔ አታውቂኝም፤ ላጫውትሽ።

ወልቂጤ የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ነበርኩ። ለተግባር ልምምድ የተላክሁት አገና አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ የእንሰቱ ቅጠል በጤዛ ያብረቀርቃል፣ በመስኮቱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይገባል። ሕፃናቱን የምታክመው ንግግሯ ቁጥብ የሆነ፣ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ ነርስ ነበረች። ሁላችንም "ሲስተር" ነበር የምንላት።

የልጆችን መድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ሠራሁላት። ክብደታቸው ሲገባለት ለእያንዳንዱ ኪሎ አሥራ አምስት ሚሊግራም አባዝቶ ይነግራታል። ሚዛን ላይ ብቻውን አልቀመጥም ብሎ የሚያለቅስ ሕፃን ሲመጣ ደግሞ እናቱ አቅፋው ትመዘናለች፤ ከዚያ የእሷ ክብደት ይቀነሳል። አንድ ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ረፋድ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ አንዲት እናት ሰውነቱ እንደ እሳት የሚፋጅ ልጇን ታቅፋ ገባች። ሁለቱ አንድ ላይ ስድሳ ኪሎ፣ እሷ ብቻዋን ሃምሳ ሁለት። ቁጥሮቹን አስገባሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ።

"ስምንት መቶ አርባ ስምንት።"

ሲስተር ያንኑ እንጆሪ የሚሸት የትኩሳት ሽሮፕ ልትቀዳ ስትል እጇ ቆመ።

"ስንት አልሽ?"

ደገምኩላት።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሰባት ማንኪያ ነው! ለስምንት ኪሎ ልጅ አንድ ማንኪያ ይበቃዋል።"

እናትየዋ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ኮዱን ስከፍተው "አሥራ አምስት ሲባዛ በሁለቱ ክብደት፣ ሲቀነስ የእናት ክብደት" ይላል። ኮምፒውተር ደግሞ ማባዛትን ከመቀነስ ያስቀድማል፤ መቀነሱ እንዲቀድም ከፈለግሽ በቅንፍ ታጥሪዋለሽ። ይህን ፈተና ላይ ተጠይቄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ! ስሞክረው የነበረው ግን ብቻቸውን በተመዘኑ ልጆች ነው፤ የሚቀነስ ነገር ስለሌለ መልሱ ሁልጊዜ ልክ ይመጣል።

ሕፃኑ አንድ ማንኪያውን ወስዶ እናቱ ደረት ላይ ተኛ። እኔ ግን ከእሱ በፊት የመጡት ልጆች ትዝ አሉኝ።

"ሲስተር... በዚህ ሳምንት ታቅፎ የተመዘነ ሌላ ልጅ ነበር?"

"ሁለት ነበሩ።"

መዝገቡን ሳበችና ገጹን ገለጠችልኝ። "ማክሰኞ ነው የመጡት። ማክሰኞ መብራት ነበር እንዴ? በእጄ ነው ያሰላሁት፤ ይኸው።"

ገጹ ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፉ ሁለት ትንንሽ ሒሳቦች ነበሩ። መጀመሪያ ቀንሳለች፤ ከዚያ አባዝታለች። ደጋግሜ አየኋቸው፤ ልክ ናቸው። ያን ጊዜ የወጣልኝ ትንፋሽ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ከእንግዲህ አትምጪ" ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ ተቀመጠች፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

"አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። ከዚያ አስተካክይው፤ እኔም በእጄ እያሰላሁ አብሬሽ አያለሁ። ነገ በጊዜ ነይ።"

በማግስቱ ሚኒባሱ እስኪሞላ መታገሥ አቃተኝ።